ከሮቤ ወጥቶ በማታ መመለስ

ሮቤ የሚኖር ሰው ቅዳሜና እሁድ የት ይሄዳል ቢባል መልሱ አጭር ነው። ለቅሶ ይደርሳል፣ ሰርግ ይታደማል፣ ዕድር ይሰበሰባል፣ ገበያ ይወጣል፣ ሃይማኖቱ በሚያዘው ቦታ ይገኛል። ጊዜ ከተረፈው ይተኛል። «ለመዝናናት ወጣ» የተባለ ሰው ካለ ወይ የውጭ አገር ሰው ነው፣ ወይ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ነው። እኔ በነርስነት ከ30 ዓመት በላይ ሳገለግል የባሌን መንገድ የተማርኩት የክትባት ሳጥን ጭኜ ላይ አድርጌ ነው። ሰነቲን የማውቀው በረዶው እስከ ሪራ ሳይቀልጥ ይደርስ ይሆን እያልኩ ነበር። ጎሮን የማውቀው በወባ ዘመቻ ነው። ዲንሾን ደግሞ ምጥ ያጠናባትን እናት ይዘን በሌሊት ስናልፍባት። የአገሩን ውበት አላየሁም ማለቴ አይደለም፤ ግን በመኪና መስኮት በኩል፣ ሰዓት እየቆጠርኩ ነበር ያየሁት።

ጡረታ ስወጣ ቅዳሜ የራሴ ሆነ። የልጅ ልጆች ስድስት አሉኝ። ሁለቱ እዚሁ ሮቤ ያድጋሉ፤ «አኮ» ይሉኛል። አራቱ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ ለነሱ «እማማ» ነኝ። የአዲስ አበባዎቹ በእረፍት ሲመጡ ገና ሻንጣቸው ሳይፈታ የሚጠይቁት ጥያቄ ያው ነው፤ «እማማ፣ እዚህ ምን አለ?» ጓደኞቻቸው ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ ይሄዳሉ። ውጭ አገር የምትኖረው አክስታቸው ደግሞ ከተማዋ የወደብ ከተማ ስለሆነች፣ ቅዳሜ ጠዋት ትንሽ መንገድ ነድታ ባሕር ዳር የተነሳችውን ፎቶ ትልክላቸዋለች። ድሮ አስመራ ይሠሩ የነበሩ የሙያ ባልደረቦቼም ቅዳሜ ሲደርስ ወደ ምጽዋ ስለ መውረድ ያወሩኝ ነበር። 115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ቁልቁለት፤ ጠዋት ብርድ ልብስ፣ ቀትር ላይ ባሕር።

እኛ ባሕር የለንም። ቁልቁለትና ዳገት ግን ሞልቶናል። ከሮቤ ጠዋት ተነስቶ ምሳውን በውርጭ ወይም በሐሩር በልቶ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ማደር የሚችል ሰው በአገራችን ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ መጀመሪያ የምመክረው ዲንሾን ነው። ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ልጅ «ደረስን ወይ?» ማለት ሳይጀምር ይደረሳል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ በየዜናው ተነስቷል፤ ይሁንና እዚህ ተወልደው አድገው መግቢያውን ያልረገጡ ጎረቤቶች አሉኝ። የመግቢያ ክፍያው ለኢትዮጵያዊ አይከብድም። አስጎብኚ ያዙ። ብዙዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ እንስሳው በየትኛው ሰዓት የት እንደሚውል ያውቃሉ።

እዚያ የሚታየው የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም፤ አብዛኛውም ያለው በዚሁ በባሌ ነው። ወንዱ ቀንዱ የተጠማዘዘ ነው፣ አንገቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው፣ ሰው ሲያይ ወዲያው አይደነብርም፤ ቆሞ ያያችኋል። በጋይሳይ ሜዳ በኩል ጠዋት ወይም ወደ ማታ ካለፋችሁ መንጋውን ከመኪና ሳትወርዱ ታዩታላችሁ። ድኩላውም፣ ከርከሮውም እዚያው ናቸው። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ከአጋዘኑ ይልቅ ከርከሮው ጭራውን እንደ አንቴና አቁሞ ሲሮጥ አይታ ሳምንቱን ሙሉ ስትሮጥ ከረመች። ልጅ ምን እንደሚወድ አስቀድሞ መገመት አይቻልም።

ዲንሾ ላይ ኮሶ ዛፍ ሳይ ቆሜ አወራላቸዋለሁ። ቀይ አበባዋን ያንጠለጠለችው ሴቴዋ ናት። የኛ ወላጆች ጥሬ ሥጋ በልተው፣ የኮሶ ትል ይዟቸው፣ ያን አበባ ወቅጠው በጥብጠው እየጠጡ ነው የኖሩት። መድኃኒትነቱ እውነት ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ብርቱ መርዝ ነው፣ ዐይን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ዛሬ በአንድና በሁለት ክኒን የሚወጣ ትል ነው። ይህን ስነግራቸው የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ፣ «እማማ፣ ለመዝናናት ነው የመጣነው ወይስ ለትምህርት?» አለኝ። ነርስ አያት ያለው ሰው ሁለቱን ለይቶ አያገኝም።

ወደ ሰነቲ ልምጣ፤ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎባ በላይ መንገዱ በጽዱና በኮሶው መካከል ይወጣል፤ ቀጥሎ አምጃው፣ ቀጥሎ አስታው ይመጣል፤ ከዚያ ዛፉ ያልቃል። ወደ ላይ ስትደርሱ ጅብራው ብቻ እንደ ዘበኛ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያለፈ ሜዳ ነው፤ በየቦታው ኩሬ አለ፣ ነፋሱ አያርፍም። ቱሉ ዲምቱ፣ በኦሮምኛ «ቀዩ ኮረብታ» ማለት ነው፣ 4,377 ሜትር ነው፤ መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣል። ቀይ ቀበሮም እዚያ ነው ያለው። የአካባቢው ሰው «ጀዳላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው። እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭን ነው፤ ግዙፉን ፍልፈል ለመያዝ ጉድጓድ አፍ ላይ ሆዱን መሬት አስነክቶ ያደባል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የኛ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። የሮቤው የልጅ ልጄ ቡችላውን ይዞ ካልሄድኩ ብሎ አልቅሶ ነበር። ውሻ ወደ ሰነቲ አይወሰድም፤ ፓርኩም አይፈቅድም። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎቹ ተሻግሮ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በኋላም በ1996 ዓ.ም. ብዙዎቹን ጨርሷል። ቡችላችሁን አስከትቡ፣ ቤት ይዋል። ልጅን ውሻ ከነከሰ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ። ውሻው የጎረቤት ነው፣ የሚታወቅ ነው አትበሉ።

ሰነቲ ላይ አየሩ ቀጭን ነው። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከሮቤ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ተነስተን እዚያ የምንደርሰው ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ነው። ጤነኛ ሰው ራሱን ትንሽ ያመዋል፣ ሲራመድ ቶሎ ያለከልካል፤ ሲወርድ ይተወዋል። ልጆች ከመኪና እንደወረዱ ካልሮጥን ይላሉ፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እጃቸውን ያዙ። ከዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ልጅ፣ አስም ያለበትና መድኃኒቱን ያልያዘ ሰው ባይወጣ ይሻላል። ዝቅ ካለ አገር፣ ለምሳሌ ከባሕር ዳር ከተማ የመጣ ዘመድ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ሁለት ቀን ሮቤ ወይም ጎባ ይደር። ራስ ምታቱ ትውከት ከጨመረበት፣ ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሻይ አታፍሉለት፣ አታስተኙት፤ መኪናውን አዙራችሁ ውረዱ። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ባለቤቴ «እኔም እሄዳለሁ» ያለው። 72 ዓመቱ ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ወጣት ሳለ ዶሎ መና ተመድቦ፣ በጭነት መኪና ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሰነቲን ተሻግሯል፤ ያንን ጉዞ ለልጆቹ ሺህ ጊዜ ነግሯቸዋል። የደም ግፊት አለበት፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ልቡ ደክሟል። ከመተኛቱ በፊት ሁለት ትራስ ይደርባል። ይህን የሰማ የጤና ሰው ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

ከአዲስ አበባ የመጣችው ልጃችን ከአባቷ ጋር ወገነች። «እማዬ፣ አንድ ቀን እኮ ነው። በመኪና ወጥቶ በመኪና ይወርዳል። ከልክለሽው አንድ ነገር ቢሆን አይቆጭሽም?» አለችኝ። ንግግሯ ከበደኝ፤ ክፋት ስለሌለበት ነው የከበደኝ። ስንት ሽማግሌ በኛ በጤና ባለሙያዎቹ «አይሆንም» ታስሮ፣ ጨው አትብላ፣ ቡና አትጠጣ፣ አትውጣ እየተባለ ዕድሜውን በወንበር ላይ ይጨርሳል! ያን አውቃለሁ። የታካሚ ቤተሰብ ሆኜ ስቀመጥ ደግሞ ሌላ ነገር አውቃለሁ፤ ሰነቲ ላይ ልቡ ቢደክም ጎባ ሆስፒታል ለመድረስ መንገዱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በጣቴ ቆጥሬዋለሁ።

ስለዚህ እኔም ልጄም መፍረዳችንን ተውንና ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ልጄ ይሆናል። አዳመጠው፣ እግሩን ጫን ጫን አድርጎ አየ፣ ደረጃ አስወጥቶ አስወረደው። ከዚያ እኔን ሳይሆን እሱን እያየ፣ «አባባ፣ አሁን ለሰነቲ አይሆኑም። መድኃኒቱን አስተካክለን ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እንነጋገራለን። ወደ ታች ግን መሄድ ይችላሉ፤ እንዲያውም ትንፋሹ ይቀልልዎታል» አለው። ባለቤቴ መልስ አልሰጠም። ማታ ላይ፣ «ወደ ታች ማለት ወዴት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

በዚያ ሳምንት ልጆቹ ያለ እሱ ወጡ። እሱ ጎባ ዘመድ ቤት ዋለ። ከመሄዳቸው በፊት የሚያዩትን በቅደም ተከተል አስቆጠራቸው፤ ሜዳው አልቆ መንገዱ ድንገት ቁልቁል የሚሰበርበትን ቦታ፣ ከሥር የሐረና ደን ደመና ለብሶ የሚተኛበትን፣ ቀርከሃው የሚጀምርበትን። ልጆቹ ሪራ ድረስ ወርደው ተመለሱ። የሐረና ማር ገዙለት፤ የጫካ ቡናም አንድ ኪሎ። በዚያ ደን ቡና ማንም ሳይተክለው በራሱ ይበቅላል። ሪራ ደርሶ በዚያው ቀን መመለስ ከተፈለገ ከጎባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሳያልፍ መነሳት ያስፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድ ሹፌሩ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ አያይም። ትልቁ ልጅ ሲመለስ፣ «አባባ፣ የነገርከን ቦታ ላይ ቆምን፤ ምንም አልታየም፣ ሁሉም ጉም ነበር» አለው። ባለቤቴ ሳቀ፤ «እኔንም ያኔ እንደዚሁ ነው ያደረገኝ፤ ያየሁት ስመለስ ነው» አለ። ይህን በሺህ ጊዜው ትረካ ውስጥ ነግሮን አያውቅም ነበር።

ወደ ታች ማለት ሶፍ ኡመር ነው።

ዋሻው ከሮቤ በስተምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከፍታው ከሮቤ በግማሽ ገደማ ያነሰ ነው። ሲናናን አቋርጣችሁ፣ በጎሮ በኩል ነው የምትሄዱት። ስንሄድ ኅዳር ነበር፤ የቦናው ስንዴ ደርሶ ኮምባይነሮቹ በሜዳው ላይ አቧራ እያስነሱ ነበር። የአዲስ አበባ ልጆች ስንዴና ገብስ አይለዩም። አባታቸው መኪናውን አስቁሞ፣ ባለቤቴ ወርዶ አንድ አንድ ዛላ ይዞ አሳያቸው፤ ገብሱ ጺሙ ረዝሞ አንገቱን ይደፋል፣ ስንዴው ቀጥ ይላል። እዚህ አገር በዓመት ሁለቴ ይዘራል፣ ገናና ቦና እንላለን፤ ገና የበልጉ ነው፣ ከበዓሉ ጋር አይገናኝም። አንዷ ይህን ስትሰማ «ታዲያ የትኛውን ነው ዳቦ የምንበላው?» አለች። ሁለቱንም።

ጉዞው ሲረዝም ከሽማግሌ ጋር አንድ ትግል አለ፤ ብዙ ሰው አይናገረውም እንጂ በየቤቱ ያለ ነው። ባለቤቴ ሽንት የሚያሸናውን ክኒን በጉዞ ቀን መዋጥ አይፈልግም። መንገድ ላይ «አቁሙልኝ» ማለት ያፍራል፣ በልጅ ልጆቹ ፊት በተለይ። የልብ ድካም ያለበት ሰው ያንን ክኒን በራሱ ፈቃድ ሲዘል ውሃው ሳንባው ላይ ይጠራቀማል። በሐሩር ቦታ ደግሞ በላብ ብዙ ውሃ ስለሚወጣ፣ ክኒኑ በስንት ሰዓት ይዋጥ፣ ምን ያህል ውሃ ይጠጣ የሚለውን ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እኛ ጠይቀናል። የቀረውን ያስተካከልኩት በዘዴ ነው። ከመነሳታችን በፊት ለሹፌሩ ለብቻው ነገርኩት፤ በየአርባ ደቂቃው ጎማ እያየ ቆመ። ልጆቹ ጎማው ችግር ያለበት መስሏቸው ነበር።

ሶፍ ኡመር የሙስሊሞች የክብር ቦታ ነው። በትውፊት ሼህ ሶፍ ኡመር ከተከታዮቻቸው ጋር ይጸልዩበት የነበረ ነው፤ ስለዚህ አለባበስም ድምፅም በልክ ይሁን። ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ የወይብ ወንዝ በአንደኛው በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ውሃው ድንጋዩን ፈልፍሎ የሠራቸው ዓምዶች የሰው እጅ ያነጻቸው ይመስላሉ። በዝናብ ወራት ወንዙ ስለሚሞላ ወደ ውስጥ ዘልቆ መግባት አይቻልም፤ በበጋ ሂዱ፣ የአካባቢውን መሪ ያዙ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ባትሪ ይኑር። ቆላ ስለሆነ ወባ አለ። ትንኟ በአብዛኛው የምትነክሰው ከምሽት በኋላ ስለሆነ ጀንበር ሳትጠልቅ ተነሱ። ልጁ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢያተኩሰው «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ለጤና ባለሙያው ቆላ ወርደን ነበር በሉት።

ስለ ወጪው የሚያስብ ይኖራል፤ የጡረታ ብር የምታህለውን እኛም እናውቃለን። በሰፈራችን አምስት ቤተሰብ ሆነን በየወሩ ትንሽ ትንሽ እናዋጣለን፤ በሁለት ወር አንድ ጊዜ አባዱላ እንከራያለን። መናኸሪያ ሄደን የመንገዱን ሁኔታ ሳንጠይቅ አንነሳም። ስንቁ ከቤት ነው። ገብስ ለሞላበት አገር ሰው በሶ፣ ቆሎና ጭኮ ከምንም ይበልጣሉ፤ አይበላሹም፣ ሳህን አይፈልጉም። ለጾመኛ ጭኮው ይቀርና በሶው በውሃ ይበጠበጣል። ሻይ በፔርሙዝ፣ የፈላ ውሃ በጄሪካን።

ዋሻው ውስጥ ሁላችንም ስንገባ ባለቤቴ አፉ ላይ፣ ጥላው ሥር፣ ወንዙ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ትንሿ የልጅ ልጄ ጨለማ ፈርታ ከእሱ ጋር ቀረች። ስንወጣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ አገኘኋት፤ እሱ በእንጨት አሸዋው ላይ መሥመር ይሥል ነበር። ይህ ወይብ ነው ይላታል፤ ከሰነቲ ማዶ ካለው ተራራ ተነስቶ፣ አጋዘኑን ባየሽበት በዲንሾ በኩል አልፎ፣ እዚህ ዋሻ ይገባል። ከዚህ ወርዶ ከገናሌ ጋር ይገናኛል፣ ሶማሊያ ሲገባ ስሙ ጁባ ይባላል፣ ከዚያ ኪስማዩ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። «ባሕር ማለት ነው?» አለችው። «አዎ፣ አክስትሽ ፎቶ የምትልክልሽ ዓይነት ባሕር።» እግሯን አውጥታ ውሃውን አየችና መልሳ ነከረችው።

እሱ ትንፋሹ ደህና ነበር። ከመኪናው ድረስ ያለውን አቀበት ሁለት ጊዜ ብቻ አርፎ ወጣው፤ ቆጥሬያለሁ። ወደ ሮቤ ስንመለስ የጎሮ ዳገት ላይ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ሳየው ዐይኑን ሳይገልጥ፣ «ሦስት ወሩ መቼ ነው የሚሞላው?» አለኝ። ቀጠሮው የካቲት ላይ ነው።